የታዳጊዎች የአእምሮ ጤናና የሱስ ሕክምና በቪዲዮ፦ ወላጆችና ልጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ልጅ ከሰው ሲሸሽ፣ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ሲያነጋ፣ ወይም ቦርሳው ውስጥ ያልተጠበቀ ነገር ሲገኝ ወላጅ የሚይዝ የሚጨብጠው ይጠፋዋል። ልጆቹም የራሳቸው ጥያቄ አላቸው፤ የእነሱን ግን የሚሰማ ብዙ የለም። እዚህ የሁለቱንም ወገን ጥያቄ አንድ ላይ አስቀምጫለሁ። አንድ ነገር ግን ይቅደም፦ ልጁ አሁን ራሱን ሊጎዳ ከሆነ፣ ከመጠን በላይ ወስዶ ከሆነ ወይም ሲጠሩት የማይነቃ ከሆነ ማንበቡን ተዉትና ወደ ድንገተኛ ሕክምና ውሰዱት።

የርቀት ሕክምና ሲባል ምን ማለት ነው? ኢንተርኔት ላይ ምክር ማንበብ ነው እንዴ?

አይደለም። ፈቃድ ያለው ባለሙያ በቪዲዮ ወይም በስልክ ቀጠሮ ይዞ ልጁን ሲመረምር፣ ሲያክምና ሲከታተል ነው። ባለሙያው ሳይካትሪስት፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ የሱስ አማካሪ ወይም በዘርፉ የሠለጠነ ነርስ ሊሆን ይችላል። ካርድ ይወጣል፣ ታሪክ ይመዘገባል፣ ሚስጥር ይጠበቃል፤ ክሊኒክ ውስጥ ያለው ግዴታ ሁሉ እዚህም አለ።

አዲስ ነገር ይመስላል እንጂ ዕድሜ ጠገብ ነው። አሜሪካ ውስጥ የነብራስካ የሳይካትሪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1959 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሐኪምና ታካሚ በሚተያዩበት ቴሌቪዥን የቡድን ሕክምና ይሰጥ ነበር። አብዛኛው ሰው የለመደው ግን በ2020 ኮቪድ ክሊኒኮችን ሲያዘጋ ነው።

እውነት ይሠራል ወይስ "ከምንም ይሻላል" ነው?

በንግግር ለሚሰጥ ሕክምና ይሠራል። ለድባቴና ለጭንቀት የሚሰጠው ሲቢቲ፣ ማለትም አስተሳሰብንና ልማድን እየፈተሹ የመለወጥ ሕክምና፣ በቪዲዮ ሲሆን ፊት ለፊት ከሚሰጠው ጋር የተቀራረበ ውጤት እንዳለው በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል። በታዳጊዎች ሱስ ላይ የተሠራው ጥናት ከዚያ ያነሰ ስለሆነ እዚያ ላይ የቪዲዮውን ቀጠሮ ከአካል ቀጠሮ ጋር እያፈራረቁ መሄዱ ይመረጣል።

በእኔ እምነት ግን ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። በ2005 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ትልቅ ጥናት ደግሞ በሕይወት ዘመን ከሚያጋጥሙት የአእምሮ ሕመሞች ግማሽ የሚሆኑት እስከ 14 ዓመት ዕድሜ ድረስ እንደሚጀምሩ ገምቷል። ሕመሙ በልጅነት ይጀምራል፣ ሕክምናው ግን ብዙ ጊዜ ከዓመታት በኋላ ነው የሚመጣው፣ ምክንያቱም የልጆች ሳይካትሪስት በብዙ ቦታ ጥቂት ነው፣ ያለውም ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ነው። ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ፣ ራስን ከሥራ አስፈቅዶ፣ ሩቅ መንገድ ሄዶ፣ የማያውቁትን ሰው ለአንድ ሰዓት አይቶ መመለስ በየሳምንቱ የሚሆን ነገር አይደለም። የሥነ ልቦና ሕክምና ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በየሳምንቱ ነው። ስክሪኑ የሚፈታው ይህንን ነው፤ ቀጠሮው አይቋረጥም።

የዕድሜ ጠባይ ነው ወይስ ሕመም? በምን ልለየው?

በርዝመቱና ባስተጓጎለው ነገር። አንድ ቀን በር ዘግቶ መዋል ጉርምስና ነው። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን የሚቆይ መከፋት፣ ይወደው የነበረውን ነገር መጥላት፣ የእንቅልፍና የምግብ መዛባት፣ የውጤት ማሽቆልቆል፣ ጓደኞችን በድንገት መቀየር ግን ባለሙያ ይፈልጋል።

ብዙ ወላጅ የሚያመልጠው አንድ ነገር አለ። የታዳጊ ድባቴ ሁልጊዜ እንባና ዝምታ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ንዴት ነው። በትንሹ የሚቆጣ፣ የሚሳደብ፣ በር የሚያጋጭ ልጅ "ባለጌ ሆነ" ይባላል፤ ውስጡን ግን ማንም አያይለትም።

ሱሱ መጀመሪያ ይታከም ወይስ ድባቴው?

አብረው። መጠጥ የሚጠጣ ወይም ካናቢስ የሚያጨስ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያባርረው ነገር አለው፦ እንቅልፍ የሚነሳው ጭንቀት፣ ሰው ፊት መቆም የሚያስፈራው ስሜት፣ ማንም ያላወቀለት ጥቃት። አልኮሉ ለጥቂት ሰዓት ያስታግሰዋል፣ በማግስቱ ጭንቀቱ ብሶ ይመጣል፣ እሱን ለማባረር ደግሞ እንደገና ይጠጣል። "መጀመሪያ መጠጡን ተው፣ ከዚያ ስለ ስሜትህ እናወራለን" የሚባል ልጅ የያዛትን ብቸኛ ማስታገሻ ቀምተን ባዶ እጁን እንደሰደድነው ነው። ሁለቱን ለየብቻ ከሚያክሙ ሁለት ሰዎች ይልቅ አንድ ላይ የሚያይ አንድ ቡድን ብትፈልጉ ይሻላል። ባለሙያዎቹ በተለያየ ቦታ ቢሆኑም አንድ የቪዲዮ ቀጠሮ ላይ ሊገናኙ ስለሚችሉ የርቀት ሕክምና ለዚህ ይመቻል።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ምን ይሆናል?

አብዛኛውን ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀው "አሁን ያለኸው የት ነው? ቤት ውስጥ ሌላ ማን አለ? መስመሩ ቢቋረጥ በምን ስልክ ላግኝህ?" የሚል ነው። ልጆቹን ትንሽ ግር ይላቸዋል፤ ግን አደጋ ቢፈጠር እርዳታ ወዴት እንደሚላክ ለማወቅ ነው፣ ስለዚህ በየቀጠሮው ይደገማል። ይህንን ሳይጠይቅ የሚጀምር ባለሙያ ካጋጠማችሁ ምክንያቱን ጠይቁት።

ከዚያ ወላጅና ልጅ አብረው ለጥቂት ደቂቃ ይናገራሉ፤ ቀጥሎ ልጁ ብቻውን። መጠይቆችም አሉ። ለድባቴ ፒኤችኪው 9 የሚባለው ለታዳጊ የተስተካከለ ቅጂ አለው። ለመጠጥና ለአደንዛዥ ዕፅ ደግሞ ከ12 እስከ 21 ዓመት ላሉ የተዘጋጀ ክራፍት የሚባል መጠይቅ አለ። ጥያቄዎቹ ቀጥተኛ ናቸው፦ የሰከረ ሰው በሚነዳው መኪና ሄደህ ታውቃለህ? ዘና ለማለት ወይም ስለ ራስህ ጥሩ ስሜት እንዲሰማህ ብለህ ትወስዳለህ? ብቻህን ስትሆን ትወስዳለህ? ወስደህ ያደረግከውን ረስተህ ታውቃለህ? ቤተሰብ ወይም ጓደኛ "ቀንስ" ብሎህ ያውቃል? ችግር ውስጥ ከቶህ ያውቃል? ከመጀመሪያው ቀጠሮ ብዙ አትጠብቁ፤ ለመተዋወቂያ ነው።

እናቱ ነኝ፤ አብሬው ልቀመጥ?

መጀመሪያና መጨረሻ ላይ፣ አዎ። መሀሉን ግን ክፍሉን ለቀው ይውጡ፤ በሩ ጀርባም አይቁሙ።

ይህን በጣም አጥብቄ የምናገረው ነገር ነው። የርቀት ሕክምና ትልቁ ድክመት ኢንተርኔቱ አይደለም፤ ጆሮ ነው። ክሊኒክ ሲኬድ በር ይዘጋል፣ ሐኪሙም በሩን ይጠብቃል። ቤት ውስጥ ግን በሩን የሚጠብቀው ማንም የለም። ግድግዳው ስስ ነው፣ ታናሽ እህት ትገባለች፣ አባት "የሆነ ነገር ልወስድ ነው" ብሎ ብቅ ይላል። ልጁ ይህን ስለሚያውቅ ጥያቄ በተጠየቀ ቁጥር "ደህና ነኝ" ይላል፤ ስምንት ሳምንት "ደህና ነኝ" ይላል፤ ከዚያ ወላጅ "ሕክምናው ምንም አልፈየደለትም" ብሎ ያቋርጠዋል። ሕክምናው አልተጀመረም እኮ! ልጁ እውነቱን የሚናገርበት ቦታ አላገኘም።

ጭንቀትዎ ይገባኛል። ልጅዎ ነው፣ ምን እንደሚወስድ፣ ከማን ጋር እንደሚውል ማወቅ ይፈልጋሉ። ግን እርስዎ ሊያውቁት የሚገባውን አደጋ ባለሙያው ይነግርዎታል። የቀረውን ልጁ ውሎ አድሮ ራሱ ይነግርዎታል፤ እንደተከበረለት ካየ።

ያልኩትን ለእናትና ለአባቴ ይነግሩብኛል? (ይህ የልጆቹ ጥያቄ ነው)

አብዛኛውን አይነግሩም። መናገር የሚገደዱት ራሳችሁን ወይም ሌላ ሰው ልትጎዱ እንደሆነ ሲያውቁ፣ ወይም ሌላ ሰው እናንተን እየጎዳ እንደሆነ ሲያውቁ ነው። ሲጋራ፣ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ መጠጥ ወይም ካናቢስ መሞከራችሁ ብቻውን ብዙ ጊዜ እዚህ ውስጥ አይገባም። በሚስጥር የሚጠበቀው ምንና እስከምን ድረስ እንደሆነ ግን ከአገር አገር ይለያያል፤ ያለ ወላጅ ፈቃድ መታከም የሚቻልበት ዕድሜም እንዲሁ። ስለዚህ ምንም ከመናገራችሁ በፊት "ለወላጆቼ የምትነግራቸው ምን ምኑን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ ጥሩ ባለሙያም ደስ ብሎት ይመልሳል።

ሌላው ጠቃሚ ነገር የማቋረጫ ቃል ነው። ከባለሙያው ጋር አንድ ተራ ቃል ተስማሙ። ሰው ከገባ ያንን ቃል ስትሉ ወሬው ወደ ፈተና ወይም ወደ ኳስ ይዞራል።

ቤታችን ጠባብ ነው፤ የብቻ ክፍል የለም። ምን እናድርግ?

መላ አለው። ኢርፎን ካለ የባለሙያው ድምፅ አይሰማም፤ ልጁ ደግሞ "አዎ" እና "አይ" በሚያስመልስ ጥያቄ ሊያወራ ወይም ስሱን ነገር በጽሑፍ ሊልክ ይችላል። በር አጠገብ ሬዲዮ ከፍቶ ማስቀመጥ ይረዳል። የቆመ መኪና ውስጥ፣ ጭር ያለ ግቢ ውስጥ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ አማካሪው ክፍል እየገቡ የሚታከሙ ልጆች አሉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን የቤተሰብ ስምምነት ነው፦ በየሳምንቱ በዚያች ሰዓት ሁሉም ሰው ወጣ ይላል። አንድ ሰዓት ነው።

በቪዲዮ ሱስን ማከም እንዴት ይቻላል? ማን ይቆጣጠረዋል?

የሱስ ሕክምና ዋናው ቁጥጥር አይደለም። ለታዳጊ ጥሩ ውጤት ካሳዩት መካከል የቤተሰብ ሕክምና ግንባር ቀደሙ ነው፤ በዚህ በኩል ቪዲዮው እንዲያውም ይመቻል፣ ሌላ ከተማ ያለ አባት እንኳ ሊገባ ስለሚችል። ሌላው ልጁን ሳይገስጹ "ይህ ነገር ምን ይሰጥሃል? ምንስ ይወስድብሃል?" እያሉ የራሱን ምክንያት ከራሱ አፍ የማውጣት ውይይት ነው። ሲቢቲም አለ፦ መቼ፣ የት፣ ከማን ጋር ሲሆን እንደሚያምረው ለይቶ ለዚያች ሰዓት ሌላ ነገር ማዘጋጀት።

ምርመራ ካስፈለገ ባለሙያው እያየ በቪዲዮ የምራቅ ምርመራ ማድረግ ይቻላል። ወላጆች ግን በራሳችሁ፣ በድብቅ፣ ሽንቱን ወስዳችሁ አትመርምሩ። ውጤቱ ሊሳሳት ይችላል፣ እናንተና ልጃችሁ መካከል ያለችው እምነት ደግሞ በዚያው ታልቃለች፤ ምርመራው ልጁ አውቆና ተስማምቶ የሕክምናው አካል ሲሆን ነው የሚጠቅመው።

መድኃኒት በቪዲዮ ይታዘዛል?

እንደ መድኃኒቱና እንደ አገሩ ሕግ ነው። ለድባቴና ለጭንቀት የሚሰጡት እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች በብዙ ቦታ በርቀት ይታዘዛሉ። ለመሥራት ጥቂት ሳምንታት ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ ልጁ በሦስተኛው ቀን "ምንም አልተሰማኝም" ቢል አትደንግጡ፤ ሳታማክሩም አታቋርጡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2004 እነዚህ መድኃኒቶች በአንዳንድ ልጆችና ታዳጊዎች ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊጨምሩ እንደሚችሉ ጉልህ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አድርጓል። በሙከራዎቹ ላይ መድኃኒቱን ከወሰዱ 100 ልጆች 4 በሚሆኑት፣ የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 2 በሚሆኑት ላይ እንዲህ ያለ ሐሳብ ወይም ድርጊት ታይቷል፤ የሞተ አልነበረም። ይህ ማለት መድኃኒቱ አይወሰድ ማለት አይደለም። ያልታከመ ድባቴም ይገድላል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በቅርብ መከታተል ግን ግዴታ ነው፤ በእነዚያ ሳምንታት አጫጭር የቪዲዮ ቀጠሮዎችን ማብዛት ይቻላል።

ጥብቅ ቁጥጥር ያለባቸው መድኃኒቶች ላይ ሕጉ ጠበቅ ይላል። አሜሪካ በ2008 ሐኪሙ ታካሚውን በአካል ሳያይ እነዚህን እንዳያዝዝ የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ መነሻው ከኢንተርኔት በገዛው የሕመም ማስታገሻ የሞተ የ18 ዓመት ወጣት ነበር። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ላላ ብሏል። ለኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊንና ሄሮይን ያሉት) ሱስ የሚሰጠው ቡፕረኖርፊን የሚባል መድኃኒት እዚያው አገር ከ16 ዓመት ጀምሮ የተፈቀደ ነው። የእናንተን አገር ደንብ ከፋርማሲ ወይም ከባለሙያው ጠይቁ። የታዘዘው ምንም ይሁን ምን መድኃኒቱን ቆልፎ የሚይዘው አዋቂ ይሁን።

በስክሪን ብቻ መታከም የሌለበት ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ድርድር የለም።

በየቀኑ ብዙ አልኮል የሚጠጣ ወይም እንደ ዲያዜፓም ያሉ ማረጋጊያዎችን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ልጅ በድንገት እንዲያቆም አታድርጉት። እነዚህን በአንድ ጊዜ መተው የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል፣ ሊገድልም ይችላል። የአልኮሉ መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ ካቆመ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚመጣው። ቅዠትና ግራ መጋባት ያለበት የባሰው ደግሞ ከሁለተኛው ቀን በኋላ ይከተላል። ማቆሙ በሐኪም ክትትል፣ ብዙ ጊዜም ሆስፒታል ተኝቶ ነው።

የኦፒዮይድ መመረዝም እንዲሁ። ትንፋሹ ካዘገመ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ፣ ከንፈሩ ከጠቆረና ካልነቃ ድንገተኛ እርዳታ ጥሩ፤ መመረዙን የሚቀለብሰው ናሎክሶን የሚባል መድኃኒት በእጃችሁ ካለ ስጡት። የሌለ ድምፅ የሚሰማ፣ ሰው ሊገድለኝ ነው የሚል፣ ክብደቱ በፍጥነት እየወረደ ምግብ እምቢ ያለ፣ ራሱን ለማጥፋት ዕቅድ ያወጣ ልጅም በአካል ይታይ። ጥቃቱ የሚደርስበት እዚያው ቤት ውስጥ ከሆነም እዚያው ቤት ሆኖ በቪዲዮ ማውራቱ አደጋ ነው። ሌላ ቦታ ይፈለግለት።

ስለ ራስን ማጥፋት ብጠይቀው ሐሳቡን አላስገባበትም?

አታስገቡበትም። ይህ በጣም የተለመደ ፍርሃት ነው፤ ጥናቶች ግን መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይጨምር አሳይተዋል። "ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?" ብላችሁ በግልጽ፣ ሳትጮኹ ጠይቁ። "አዎ" ካለ አትገሥጹት፣ አታስምሉት፣ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ባለሙያውን አግኙ። ዕቅድ ካለው ደግሞ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ሕክምና። ቤት ውስጥ ያለ መድኃኒት፣ የተባይ ማጥፊያና የጦር መሣሪያ ሁሉ ከእጁ ይራቅ። ሐሳቡ በሚያይልበት ሰዓት መሣሪያው ቅርብ አለመሆኑ ሕይወት ያተርፋል።

ልጄ እምቢ አለ። አስገድጄ ላስቀምጠው?

ካሜራ ፊት በግድ የተቀመጠ ልጅ ጣሪያ ጣሪያውን ነው የሚያየው። ምርጫ ስጡት፦ ወንድ ባለሙያ ወይስ ሴት? ቪዲዮ ወይስ ድምፅ ብቻ? ማታ ወይስ ከትምህርት መልስ? "ሦስት ጊዜ ሞክረው፣ ካልተመቸህ እንቀይራለን" በሉት፤ ቃላችሁንም ጠብቁ። ያም ካልሆነ እናንተ ጀምሩ። ወላጅ ብቻውን ከባለሙያ ጋር ተገናኝቶ ቤት ውስጥ አነጋገሩን ሲያስተካክል ልጁም ወደ ሕክምና የመምጣት ዕድሉ ይጨምራል።

ኢንተርኔቱ እየተቆራረጠ ቢያስቸግርስ?

ቪዲዮውን አጥፍታችሁ በድምፅ ቀጥሉ። እሱም ካልሆነ በመደበኛ ስልክ። ልጁ የባሰውን ነገር ተናግሮ ሳይጨርስ መስመሩ እንዳይጠፋ ሁለተኛውን መንገድ ቀድማችሁ ተስማሙ።

ከቻትቦት ወይም ከአፕ ጋር ማውራት አይበቃም?

ስሜትን ለመመዝገብ፣ እንቅልፍ ለመከታተል፣ የትንፋሽ ልምምድ ለማድረግ ይረዳል። ሕክምና ግን አይደለም። ልጁ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ "መኖር ደከመኝ" ብሎ ሲጽፍ ማሽኑ የት እንዳለ አያውቅም፣ በር አንኳክቶ አይገባም፣ የጻፈው የት እንደሚቀመጥም አይታወቅም።

ባለሙያውን እንዴት ልምረጥ?

የሙያ ፈቃዱን ጠይቁ፤ ከታዳጊዎች ጋር መሥራቱን ጠይቁ፣ አዋቂ ማከምና ልጅ ማከም አንድ አይደለምና። አደጋ ቢፈጠር ምን እንደሚያደርግ ጠይቁ። ቀጠሮው ይቀረጻል ወይ? ከተቀረጸ ማን ያየዋል? "በአንድ ወር ከሱስ ነፃ" እያለ የሚያስተዋውቅ ካገኛችሁ እለፉት።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? ቢያገረሽበትስ?

ለድባቴና ለጭንቀት የሚሰጥ ሲቢቲ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 16 ቀጠሮ ነው። ሱስ ከዚያ ይረዝማል። አንድ ምሽት መጠጣቱ ወይም ማጨሱ እስካሁን የተደከመበትን አያጠፋውም። ማወቅ ያለባችሁ ምን እንደቀደመው ነው፦ ጠብ ነበር? ፈተና? የድሮ ጓደኛ ደውሎ ነው? ሰው እስኪረጋጋ ጠብቁ እንጂ የሚቀጥለውን ሳምንት ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ለባለሙያው መልእክት ይላክና አጭር ቀጠሮ ይያዝ። መልእክቱን ልጁ ራሱ ቢጽፈው ይመረጣል፤ ሁለት መስመር ይበቃል።